የጡት ምርመራ ለትራንስ ሴቶች፦ መቼ፣ በምን፣ ከየትኛው ሐኪም ጋር?

አምና 50 ዓመት ሞላኝ። አንድ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን ጓደኛዬ «ማሞግራም ተነሥተሻል አይደል?» አለችኝ። ማሞግራም ማለት የጡት ኤክስሬይ ነው። ለእሷ የተለመደ ነገር ነው፤ ከ40 ዓመቷ ጀምሮ ትነሣለች። እኔ ስኒዬን ይዤ ዝም አልኩ። ትራንስ ሴት ነኝ፤ ስወለድ ወንድ ተብዬ ነበር። ሆርሞን መውሰድ ከጀመርኩ 13 ዓመት አልፎኛል። ጡት አለኝ። ያንን ጡት ግን አንድም ሐኪም መርምሮት አያውቅም። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሣሁም።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንበብና መደወል ያዝኩ። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስለዚህ አብዛኛው የምጽፈው ስለ አሜሪካ ነው። አውሮፓና አገር ቤት ላላችሁም ጥቂት ነገር ጨምሬያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ በሩን ሁሉ ያንኳኳሁ ሰው ነኝ። የደረስኩበትን ከወዲሁ ልንገርሽ፦ መጀመሪያ ሐኪም ምረጪ፣ መሣሪያው ቀጥሎ ይመጣል። ምክንያቱም ለእኛ የወጡት መመሪያዎች ሁሉ የሚነሡት «ሆርሞን ስንት ዓመት ወሰድሽ?» ከሚል ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ በሙሉ አፍሽ የማትመልሽለት ሐኪም ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ትክክለኛውን ምርመራ ሊያዝልሽ አይችልም።

ስጋቱ ምን ያህል ነው?

ሁለት ዓይነት ወሬ ትሰሚያለሽ። አንዱ «የጡት ካንሰር እናንተን አይነካችሁም» ይላል። ሌላው «ሆርሞን ማለት ካንሰር ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጥናት የኔዘርላንድ ነው። አምስተርዳም ያለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 2016 ሆርሞን ሲከታተሉ የነበሩ 2,260 ትራንስ ሴቶችን መዝገብ መረመረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ወጣ። ከእነዚህ ሴቶች 15ቱ ላይ ከተነሣበት ቱቦ አልፎ ወደ ዙሪያው ሥጋ የገባ የጡት ካንሰር ተገኝቷል። ከወንዶች ጋር ሲወዳደር 47 እጥፍ ገደማ ነው። ሴት ሆነው ከተወለዱት ጋር ሲወዳደር ግን አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው።

47 እጥፍ ሲባል ልብ ያርዳል። ነገር ግን የጡት ካንሰር በወንዶች ላይ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው ቁጥሩ እንዲህ የሚያብጠው። በእውነት የሚሆነው ይህ ነው፦ ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ስትወስጂ የሚያድገው ስብ ብቻ አይደለም። የወተት ቱቦውም እጢውም አብሮ ያድጋል። የእናትሽ ጡት የተሠራበት ሥጋ ነው። ካንሰሩም የሚነሣው ከዚያው ነው።

በዚያ ጥናት ካንሰሩ ሲገኝ መካከለኛው ዕድሜ 50 ነበር። ሆርሞን የወሰዱበት መካከለኛ ጊዜ 18 ዓመት ነው፤ አጭሩ 7፣ ረጅሙ 37። እነዚህን ቁጥሮች ያዢልኝ፣ አሁን እንፈልጋቸዋለን።

መቼ ልጀምር? ሦስት መመሪያ፣ ሦስት መልስ

ለእኛ ብለው ከጻፉት ውስጥ ሐኪሞች ዘንድ በብዛት የሚታወቀው በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ነው። የሚለው ቀላል ነው፦ 50 ዓመት ከሞላሽና ሆርሞን ከ5 እስከ 10 ዓመት ከወሰድሽ በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም ተነሺ። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። በ52 ዓመቷ ሆርሞን የጀመረች ሴት በማግስቱ ማሞግራም አያስፈልጋትም።

የአሜሪካ ራዲዮሎጂስቶች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ቀደም ይላል። 40 ዓመት የሞላትና ቢያንስ 5 ዓመት ሆርሞን የወሰደች ትራንስ ሴት ማሞግራም ቢነሣላት ተገቢ ሊሆን ይችላል ይላል። «ሊሆን ይችላል» የሚለውን አስምሪበት። ግዴታ አላደረገውም። ሆርሞን ጨርሶ ላልወሰደች ግን አያስፈልግም ይላል።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል የወጣው ነው፦ ከ40 እስከ 74 ዓመት፣ በየሁለት ዓመቱ። ዜና ላይ የምትሰሚው ይህንን ነው። ነገር ግን የተጻፈው ሴት ሆነው ለተወለዱ ነው። የሆርሞን ዓመት አይቆጥርም። ጓደኛሽ የምትከተለውን እንዳለ ወደ ራስሽ አታምጪው።

የትኛውን ልምረጥ ካልሽኝ፣ 50 ከሞላሽና ሆርሞኑ 5 ዓመት ካለፈው አትመንቺ፣ ሂጂ። በ40ና በ50 መካከል ከሆንሽ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። ቶሎ መጀመር ብቻውን ጥቅም አይደለም። ማሞግራም የሌለ ነገር ያለ አስመስሎ ያስጠራሻል፤ ያስጨንቅሻል፤ አንዳንዴም በመርፌ ናሙና ያስወስድሻል። ውፍረትሽ፣ ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሌላ ሆርሞን መውሰድ አለመውሰድሽ፣ የቤተሰብሽ ታሪክ፣ ሁሉም ይታያል።

ይህን ሁሉ የሚገለብጠው የቤተሰብ ታሪክ ነው። እናትሽ፣ እህትሽ ወይም አክስትሽ በጡት ወይም በእንቁላል ማቀፊያ ካንሰር ታመው ከነበረ፣ ወይም ብራካ አንድ ወይም ብራካ ሁለት የሚባለው የዘር ለውጥ ከተገኘብሽ፣ ወይም በልጅነትሽ ደረትሽ ላይ የጨረር ሕክምና ከተደረገልሽ 50 ዓመትን አትጠብቂ። የራዲዮሎጂስቶቹ መመሪያ እንዲህ ዓይነት ስጋት ኖሮባት ሆርሞን 5 ዓመት ለወሰደች ከ25 እስከ 30 ዓመቷ ጀምሮ ምርመራው ተገቢ ነው ይላል።

እዚህ ላይ የእኛ ቤት ችግር አለ። በእኛ ዘንድ ካንሰር በስሙ አይጠራም። «ያ ክፉ በሽታ» ይባላል። «ትንሽ አሟት ነበር» ተብሎ ይታለፋል። አክስቴ በምን እንደሞተች 50 ዓመቴ ድረስ አላውቅም ነበር። ታላቅ እህቴ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ፣ እታለም በምን ነበር ያረፈችው?»

ዝም አለች። ቆይታ «ጡቷን ነበር የሚያማት» አለች። «ነቀርሳ ነው አሉ። ለምን ጠየቅህ?»

«ጠየቅህ» ነው ያለችው። ብዙ ጊዜ የማልደውለው በዚህች አንዲት ፊደል ምክንያት ነው። ያን ቀን ግን ዋጥኩት፤ የምፈልገውን ይዤ ነበርና። ስንት ዓመቷ ነበር? የእናታችን እህት ናት ወይስ የአባታችን? አንድ ጡት ነው ሁለቱም? ጻፍኩት። ከቤተሰብሽ ጋር የማትነጋገሪ ከሆነ አንዲት የአክስት ልጅ፣ አንድ የድሮ ጎረቤት ትበቃለች። «ለሐኪም ነው» ካልሻቸው ብዙዎቹ ይናገራሉ።

በምን ልመርመር?

በእጅ ከሚደረገው ልጀምር። ሆርሞን ገና የጀመርሽ ከሆንሽ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ከጡትሽ ጫፍ ሥር እንደ ሽምብራ የጠጠረ ነገር ታገኛለሽ። ሲነካ ያማል። ያኔ ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ካንሰር መስሎኝ። ጡት ማደግ ሲጀምር እንዲህ ነው። ዕድገቱም እስከ 2 ወይም 3 ዓመት ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ጥጥረት በደንብ ከጫፉ ሥር፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም በኩል ነው። ወደ ጎን ያለ፣ በአንድ በኩል ብቻ የወጣ፣ የማይንቀሳቀስና እያደገ የሚሄድ እብጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከተሰረጎደ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ደም ያለው ፈሳሽ ከወጣ፣ ብብትሽ ሥር እብጠት ካገኘሽ ዕድሜም የሆርሞን ዓመትም አትቁጠሪ። በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ያዢ። ከላይ ያሉት መመሪያዎች ሁሉ ምንም ምልክት ለሌላት ሴት የተጻፉ ናቸው።

ማሞግራም ዋናው ነው። ጡትሽን በሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች መሐል ተጭኖ በኤክስሬይ ያነሣል። ጨረሩ ጥቂት ነው፤ ከአካባቢያችን በ7 ሳምንት ገደማ ከምናገኘው ጋር እኩል ነው። ተራው ጠፍጣፋ ምስል ይሰጣል። ሦስት ገጽታ ያለው የሚባለው ደግሞ ጡቱን እንደተቆረጠ ዳቦ ንብርብር አድርጎ ያሳያል። ምርጫ ከተሰጠሽ ሁለተኛውን ውሰጂ። የብዙዎቻችን ጡት እጢው የበዛ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እንዲህ ያለው ጡት በፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የካንሰር ዕጢም ነጭ ነው። ነጭ ነገር ነጭ ውስጥ ይደበቃል። ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው አሜሪካ ማሞግራም የሚያነሣ ማዕከል ጡትሽ ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለመሆኑን በደብዳቤ ሊነግርሽ ግድ ነው። ደብዳቤውን አንብቢው።

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ አይጫንም፣ አያምም። ብዙዎች «እሱ ይሻለኛል» ይላሉ። ብቻውን ግን ማሞግራምን አይተካም። የተገኘ እብጠት ውኃ የያዘ ከረጢት ይሁን ጠጣር ሥጋ የሚለየው እሱ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሆኖ ይመጣል። በማግኔት የሚነሣው ኤምአርአይ ውድ ነው። ከፍተኛ ስጋት ላለባቸው ነው የሚታዘዘው።

ሲሊኮን የተተከለልሽ ከሆነ ቀጠሮ ስትይዢ ተናገሪ። ባለሙያዋ የተተከለውን ወደ ኋላ ገፍታ የራስሽን ሥጋ ለብቻ ታነሣለች፤ ፎቶውም ይበዛል፣ ጊዜውም ይረዝማል። ሲሊኮኑ ራሱ መቀደድ አለመቀደዱን ለማየት ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከተተከለ ከ5 ወይም ከ6 ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታይ ይመክራል። ገጹ ሻካራ የሆነ ሲሊኮን ከሆነ ያለሽ ሌላም ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። በዙሪያው ሊምፎማ የሚባል ሌላ ዓይነት ካንሰር በጥቂት ሰዎች ላይ ተገኝቷል። አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚለውን ምርቱን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ከገበያ የሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ከዓመታት በኋላ አንዱ ጡት ድንገት ካበጠ ዝም አትበዪ። የተተከለልሽን ዓይነት የሚገልጸውን ካርድ ፈልገሽ አስቀምጪ።

ሐኪም ባልሆነ ሰው ቤት ውስጥ ፈሳሽ ሲሊኮን በመርፌ የተወጋሽ እህቴ፣ አንቺን ማንም ሊወቅስሽ አይገባም። ግን ለሐኪምሽ ንገሪው። ፈሳሹ እየጓጎለ ማሞግራሙ ላይ ሥጋውን ይሸፍነዋል፣ በእጅም ዕጢ ይመስላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጡት በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሣ ኤምአርአይ ይሻላል። ካልተናገርሽ ግን ማንም አያዝልሽም።

ከየትኛው ሐኪም ጋር?

ከዓመታት በፊት ሳል ይዞኝ አንድ ሐኪም ጋ ሄድኩ። የመድኃኒቴን ዝርዝር ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ግማሽ ሰዓት ስለ ሆርሞን ጠየቀኝ፤ መቼ እንደጀመርኩ፣ ለምን እንደጀመርኩ፣ ቤተሰቤ ምን እንዳሉ። ሳንባዬን ሳያዳምጥ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሐኪም ቤት አልረገጥኩም። ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የምንቀረው። አሁን የማነጻጽርልሽ ይህንን ልብ ብዬ ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ ለእኛ ተብለው የተቋቋሙ ክሊኒኮች ናቸው። ዲሲ ውስጥ ዊትማን ዎከር አለ፤ 14ኛ መንገድ ላይና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ይገኛል። ባልቲሞር ቼዝ ብሬክስተን፣ ኒው ዮርክ ካለን ሎርድ፣ ቦስተን ፌንዌይ፣ ቺካጎ ሃዋርድ ብራውን፣ ሎስ አንጀለስ የኤልጂቢቲ ማዕከሉ። ብዙዎቹ በ1970ዎቹ የተጀመሩ ናቸው። ጥቅማቸው ግልጽ ነው፦ ራስሽን ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ሆርሞንሽን፣ ደምሽን፣ ጡትሽን በአንድ መዝገብ ያያሉ። ጉዳታቸው ደግሞ ወረፋው ነው። ደግሞም እዚያ ተከታትለሽም ለማሞግራሙ ሌላ ቦታ ልትላኪ ትችያለሽ፤ ያ ቦታ ደግሞ እንደ ክሊኒኩ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ «የምትልኩኝ የት ነው? ሌሎች ትራንስ ሴቶችን ልካችሁ ታውቃላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ።

ሁለተኛው ሰፈርሽ ያለ የቤተሰብ ሐኪም ነው። እኔ የመረጥኩት ይህንን ነው። የአሁኗ ሐኪሜ መጀመሪያ ቀን ስነግራት «በዚህ ብዙ ልምድ የለኝም። አንብቤ እደውልልሻለሁ» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ደወለች። የሳን ፍራንሲስኮውን መመሪያ አንብባ ነበር። «50 ሞልቶሻል፣ ሆርሞኑም 10 ዓመት አልፎታል፣ እንጀምር» አለች። ሁሉን አውቃለሁ ከሚል ስፔሻሊስት ይልቅ አላውቅም ብላ የምታነብ ሐኪም ትበልጥብኛለች። መመሪያው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፤ የጡቱን ክፍል አትመሽ ይዘሽ ብትሄጂ ነውር የለውም።

የሆርሞን ስፔሻሊስት ለመድኃኒቱ መጠን ጥሩ ነው። ጡቱን ግን «የቤተሰብ ሐኪምሽ ያየዋል» ይላል፣ የቤተሰብ ሐኪሙ ደግሞ «የሆርሞን ሐኪምሽ ያየዋል» ይላል። እኔ 13 ዓመት ሳልመረመር የቀረሁት በዚህ ክፍተት ነው። ማን እንደሚያዝ አንዳቸውን አስወስኚ። ሆርሞንሽን በስልክና በቪዲዮ የምታገኚ ከሆነም እንደዚሁ ነው። በቪዲዮ የሚያይሽ ሐኪም የማዘዣ ወረቀት ሊጽፍልሽ ይችል ይሆናል፤ እብጠትሽን ግን በስልክ ማንም አይዳስሰውም። አንድ በአካል የሚያይሽ ሰው ያስፈልግሻል።

አበሻ ሐኪምስ? ይህን ጥያቄ በብዛት እሰማለሁ። «ቋንቋዬን ይችላል፣ ግን ነገ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል» ይሉኛል። ፍርሃቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕክምና ምስጢር ሕግ ሐኪሙንም ነርሷንም ፍሮንት ዴስክ ያለችውንም ያስራል፤ ምስጢር ያወጣ ይጠየቃል። ይህን እወቂ። ልብሽ ካልፈቀደ ግን አትሂጂ። ሌላ ምርጫ እስካለሽ ድረስ ራስሽን ማስገደድ አያስፈልግም።

ሐኪም ለመፈለግ ጂኤልኤምኤ የተባለው የጤና ባለሙያዎች ማኅበርና የዓለም አቀፉ የትራንስጀንደር ጤና ባለሙያዎች ማኅበር የሐኪሞች ማውጫ አላቸው። ማውጫ ላይ ስሙ ስላለ ብቻ አትመኚው። ደውዪ። እኔ ስልክ ላነሣው ሰው የምለው ይህ ነው፦ «ትራንስ ሴት ነኝ፣ ሆርሞን እወስዳለሁ። የጡት ምርመራ እፈልጋለሁ። እንደ እኔ ያሉ ታካሚዎች አሏችሁ?» ከዚያ አዳምጪ። «አዎ፣ ምን ብለን እንጥራሽ?» ካለ ጥሩ ምልክት ነው። «አላውቅም፣ ጠይቄ ልደውልልሽ» ካለና ከደወለም ጥሩ ነው። ሳቅ ከሰማሽ፣ ወይም ስለ ቀዶ ሕክምናሽ ከጠየቀሽ ስልኩን ዝጊው። ለጡት ምርመራ ያ አያስፈልገውም።

አስተርጓሚና «አንቺ»

እንግሊዝኛሽ ካልጠነከረ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትሽ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ ማቅረብ አለበት። ዲሲ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፣ አማርኛም ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጅ ወይም ዘመድ ይዘሽ እንድትመጪ አይጠበቅብሽም፤ ባትይዢም ይሻላል።

በአካል ከሚመጣ አስተርጓሚና በስልክ ከሚያስተረጉም መምረጥ ከቻልሽ የስልኩን ውሰጂ። ሌላ ግዛት ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። አያይሽም፣ ሰፈርሽን አያውቅም። ስምሽን እንዳይነግሩትም መጠየቅ ትችያለሽ።

አንድ ነገር ግን የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐኪም በፍጹም የማያየው አለ። ሐኪሟ በእሷ ቋንቋ አንድ ቃል ትላለች፤ ወንድም ሴትም አይልም። አስተርጓሚው ግን በየግሡ መምረጥ አለበት። «ያምሃል» ወይስ «ያምሻል»? «ተነሥ» ወይስ «ተነሺ»? ድምፄ ወፍራም ነው። አንዴ በስልክ ያገኘሁት አስተርጓሚ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «አንተ» እያለ ስለ ጡቴ ጠየቀኝ። ሐኪሟ እየሳቀች፣ እየተንከባከበችኝ ነበር፤ የሚደርሰኝን አታውቅም። አሁን ከመጀመራችን በፊት «እባክዎ አንቺ ይበሉኝ» እላለሁ። ይህን ለማለት ካልደፈርሽ «እርስዎ ይበሉኝ» በዪ። «እርስዎ» ወንድም ሴትም አይልም። ዕድሜሽን ብቻ ነው የሚያከብር። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅሽም።

ክፍያው

ከ40 ዓመት ጀምሮ ለቅድመ ምርመራ የሚነሣ ማሞግራምን አብዛኛው የአሜሪካ ኢንሹራንስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሸፍናል። የእኛ ችግር መዝገቡ ላይ ያለው ፆታ ነው። ኢንሹራንሱ ጋ «ወንድ» ተብለሽ ከተመዘገብሽ ኮምፒውተሩ ሒሳቡን ይመልሰዋል። የእኔንም መልሶታል። አትክፈዪ፣ ደውዪ። ሜዲኬር ለሚባለው፣ በተለይ ለአረጋውያን ለሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ በሚላክ ሒሳብ ላይ ሐኪሙ ኬኤክስ የሚለውን ምልክት፣ ሆስፒታሉ ደግሞ 45 የሚለውን ኮድ ከጨመሩበት ፆታው ስላልገጠመ ብቻ አይመለስም። ሒሳብ ክፍል ያለችው ሴት ይህን ላታውቅ ትችላለች፤ አንቺ ንገሪያት። ኢንሹራንስ ከሌለሽ በ1990 ሕግ የተጀመረው፣ አቅም ለሌላቸው የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ የሚከፍለው ፕሮግራም በየግዛቱ አለ። ሆርሞን የምትወስድ ትራንስ ሴት ይቀበሉ እንደሆነ ደውለሽ ጠይቂ።

አውሮፓና አገር ቤት ላላችሁ

እንግሊዝ አገር ከ50 ዓመት እስከ 71ኛ ልደት ድረስ በየሦስት ዓመቱ ደብዳቤ ይላካል። ደብዳቤው የሚመጣው ሐኪም ቤትሽ «ሴት» ብሎ ከመዘገበሽ ነው። «ወንድ» ተብለሽ ከሆነ አይመጣም፤ ራስሽ ሄደሽ መጠየቅ አለብሽ። ስዊድን ውስጥ ከ40 እስከ 74 ዓመት ነው፤ የሚጠሩሽ በመታወቂያ ቁጥርሽ ነው። ቁጥሩ ፆታን ስለሚያሳይ ካልተቀየረ ጥሪውም አይመጣም። ሁለቱም ጋ ደብዳቤ እየጠበቅሽ እንዳትቀመጪ።

አገር ቤት ያላችሁ ሁሉን ለሐኪም መናገር አደገኛ እንደሚሆንባችሁ አውቃለሁ። ጡት ላይ እብጠት ካገኛችሁ ግን አትደብቁት። ወንዶችም በጡት ካንሰር ይያዛሉ፤ ጥቂት ናቸው እንጂ አሉ። «ጡቴ ሥር እብጠት አለ» ለማለት ሌላ ታሪክ ማስረዳት አያስፈልግም። ሐኪም ይህን የመመርመር ግዴታ አለበት።

የምርመራው ቀን

ዲዮድራንትም ፓውደርም አትቀቢ፤ ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ይሆናል። ቀሚስ ትተሽ ከላይ የሚወልቅ ልብስ ልበሺ።

እኔ የሄድኩበት ቦታ ተቀባይዋ የድሮ ስሜን ጮክ ብላ ጠራች፤ ኢንሹራንሱ ላይ ያለው እሱ ነበርና። ሰባት ስምንት ሴት ተቀምጧል። ተነሥቼ ልወጣ ቦርሳዬን ይዤ ነበር። በዚያው ሰዓት በሩ ተከፈተና የምታነሣው ባለሙያ ብቅ አለች። ዓይናችን ተገጣጠመ። አበሻ ናት። በቃ አለቀልኝ አልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ወረቀቱን አነበበች። አንዴ አየችኝ። በአማርኛ «ሆርሞኑን ከጀመርሽ ስንት ዓመትሽ ነው?» አለችኝ። «ጀመርሽ» ነው ያለችው። 13 አልኳት። ጻፈችው። «የመጀመሪያሽ ነው?» አዎ አልኳት። እጇን አሙቃ ትከሻዬን አስተካከለችው። «ትንሽ ይጫንሻል፣ አይዞሽ የኔ እህት። ትንፋሽሽን ያዢ።» ቆጠርኩ፤ ጥቂት ሰከንድ ነው። አራት ፎቶ፣ ሩብ ሰዓት የማይሞላ። ስወጣ «ሲደውሉልሽ አትደንግጪ» አለችኝ። «ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሆኚ የሚያነጻጽሩበት የድሮ ፎቶ ስለሌለ መልሰው ይጠራሉ።»

እውነቷን ነው። አሜሪካ ውስጥ ማሞግራም ከተነሡ 100 ሴቶች 10 ያህሉ ይጠራሉ፤ ከተጠሩት ውስጥ ካንሰር የሚገኝባቸው ከ10 አንድ አይሞሉም። እኔንም በሳምንቱ ጠሩኝ። በአልትራሳውንድ ታየ፤ ውኃ የያዘ ትንሽ ከረጢት ነው። ከመውጣቴ በፊት የፎቶዎቹን ቅጂ በሲዲ እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። ሐኪም ብቀይር፣ ከተማ ብቀይር፣ የሚቀጥለው ሰው የሚያነጻጽርበት ይኖረዋል። ፓስፖርቴ ያለበት መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፤ ላዩ ላይ በአዲሱ ስሜ ጻፍኩበት።